የዲኤክስ ማስነሻ ቁልፍ ቤት ተበላሽቷል፤ እቤት ልቀይረው ወይስ በተን ላስገጥም? (አዳማ)

ዲኤክስ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዋ የ1982 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ኮድ 2። የአባቴ ነበረች፣ አሁን እኔ ነኝ የምነዳት። ችግሩ ማስነሻው ጋ ነው። ቁልፉን ኦን ላይ ሳደርገው የዳሽቦርዱ መብራቶች ይበራሉ፤ ወደ ስታርት ሳዞረው ግን ዝም። ጫን፣ መለስ እያደረግኩ ስነካካው ድንገት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ይነሳል። ፍራንኮ አካባቢ ኮብልስቶኑ ላይ ስገባ ደግሞ ሞተሩ ይቆራረጥና አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። ከሁሉም ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉ ተስቦ ይወጣል።

ጋራዥ ወስጃት ነበር። መካኒኩ በደንብ ሳያያት «ቁልፍ ቤቱ አልቋል፣ ዕቃውም እንደልብ አይገኝም፤ ሁለት ሽቦ አውጥቼ ተጭነህ የምታስነሳበት በተን ልግጠምልህና ተገላገል» አለኝ። ርካሽ ነው፣ ግን ልቤ አልቀበል አለ። እቤት ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? ካቻቢቴ፣ ኪያቬ፣ ቴስተር አለኝ። የቤት መብራት ሥራ እችላለሁ፤ መኪና ላይ ግን ከካንዴላና ከፑንቲና አላለፍኩም።

የወንጂ_ሾፌር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡55

ወንድሜ፣ በተን አያስፈራህ። እኔ የምነዳው የጭነት መኪና ላይ በተን ከገባ ቆይቷል፤ ከወንጂ አዳማ፣ ከአዳማ ሞጆ ስመላለስ አላስቸገረኝም። ቁልፉ ሞተሩንና መብራቱን ይይዛል፣ በተኑ ሞተሪኖውን ብቻ ያዞራል። ዕቃ ፍለጋ ከምትንከራተት አስገጥመውና ሥራህን ሥራ።

ሰብለ_መ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡30

የወንጂው ወንድሜ፣ ያንተ መኪና ላይ የሚሠራው ቁልፉ ኦኑን በደንብ ስለሚይዝ ነው። የጠያቂው ችግር ስታርት ብቻ ቢሆን ባልተናገርኩ። እሱ ግን ሲንገጫገጭ ሞተሩ ይጠፋል ብሏል፣ ቁልፉም ይወጣል ብሏል። በተኑ ለሁለቱም ምንም አያደርግም። እንደውም ችግሩን ይሸፍነዋል፤ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት በቀላሉ ትነሳለች፣ ከዚያ ትልልቅ መኪኖች መሃል ትጠፋለች። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ሰርቮ የሚሠራበት ቫኪዩም ይቋረጣል፤ አንድ ሁለቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ነገሩን እያከበድኩ እንዳይመስላችሁ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ዕቃ ምክንያት ነው። የማስነሻው ስዊች ከኦን ወደ ኤሲሲ (ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮና የመሳሰለው ብቻ ወደሚሠራበት የቁልፍ ቦታ) በቀላሉ ይንሸራተት ነበር። ሞተሩ ይጠፋል፣ የመሪና የፍሬን እገዛው ይቋረጣል፣ ኤርባጉም በግጭት ጊዜ አይከፈትም። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ ከዚህ ጋር የተያያዘ የ124 ሰዎች ሞት ተቀብሏል። መኪናቸው እስኪጠገን ድረስ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ምን መሰላችሁ? ከመኪናው ቁልፍ ላይ ሌላውን ሁሉ አውልቃችሁ ቁልፉን ብቻውን ተጠቀሙ የሚል ነው። ክብደቱ ስዊቹን ይጎትተው ነበርና።

ዲኤክስ ሌላ መኪና ናት፣ ስዊቿም ሌላ ነው። ግን ጠያቂው፣ ቁልፍህ ላይ ምን ምን አንጠልጥለሃል?

ዲኤክስ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡50

የግቢውና የቤቱ ቁልፍ፣ የሱቁ የትልቁ ጓንጉል ቁልፍ፣ በዚያ ላይ አባቴ ያሰረበት የብረት ማንጠልጠያ አለ። ሲነዳ ይወዛወዛል። አሁኑኑ አወልቃለሁ። አመሰግናለሁ እህቴ።

ጋሽ_ቦኩ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጄ፣ እቤት መሥራት ትችላለህ። የቤት መብራት የሚሠራ እጅ ለዚህ አያንስም። ነገር ግን ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የተበላሸውን ለይ። የዚህን ከተማ ሰው ብዙ ገንዘብ ያስወጣው ሳይለዩ መግዛት ነው።

አንተ ቁልፍ ቤት የምትለው በአንድ የብረት ቤት ላይ የተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። ከፊት ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር አለ። በውስጡ ቀጫጭን የናስ ቅጠሎች በስፕሪንግ ተደግፈው ተደርድረዋል። የቁልፉ ጥርስ ቅጠሎቹን እኩል ሲያደርጋቸው ሲሊንደሩ ይለቅና ይዞራል፤ ሲዞርም መሪውን የሚቆልፈውን ብረት ይስባል። ከኋላው ደግሞ የኤሌክትሪኩ ስዊች አለ። ሲሊንደሩ ሲዞር የስዊቹ ውስጥ የመዳብ ኮንታክቶች ይገናኛሉ፣ መብራቱን ለኤሲሲ፣ ለኦን፣ ለስታርት ያከፋፍላሉ። ሁለቱ ለየብቻ ይበላሻሉ፤ በአብዛኛው ቶዮታ ላይ ለየብቻም ይቀየራሉ።

ቁልፉ ሞተሩ እየሠራ መውጣቱ የቅጠሎቹና የቁልፉ ማለቅ ነው። ስታርት አለመስጠቱና ሲንገጫገጭ መጥፋቱ ግን የስዊቹ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው ያልኩት፤ ስለዚህ ለካ።

መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ካምቢዮውን ኒውትራል አድርግ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገባ። ይህን አትዝለል፤ ማርሽ ገብቶ ሞተሪኖው ቢዞር መኪናዋ ትሄድብሃለች። መጀመሪያ ባትሪውን ለካ። አርፎ ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ወደ 12.2 ከወረደ ግማሹ አልቋልና ቻርጅ ሳታደርገው ሌላ ነገር አትመርምር። የባትሪውን ራሶች ጠርገህ አጥብቅ፤ የላላ ራስ የስዊች ብልሽት ይመስላል።

ከዚያ ወደ ሞተሪኖው ውረድ። ወፍራሙን የባትሪ ገመድ ተወውና ቀጭኗን ሽቦ ፈልግ፤ ከቁልፉ የሚመጣው የስታርት መስመር እሷ ናት። የቴስተሩን ቀይ እሷ ላይ፣ ጥቁሩን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርገህ ሰው ቁልፉን ወደ ስታርት ያዙርልህ። ከ10 ቮልት በላይ እየደረሳት ሞተሪኖው ካልተነሳ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው፣ ቁልፍ ቤቱን አትንካው። ካልደረሳት ወደ ላይ እንወጣለን። በመሪው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ከታች በካቻቢቴ ፈትተህ አውርድ፤ መሪው አይነቀልም። ከስዊቹ ጀርባ የሚወጣውን የሽቦ ማያያዣ ታገኛለህ። አንዱ ቁልፉ ጠፍቶም መብራት ያለው መስመር ነው፣ ከባትሪ የሚመጣው። እሱ ላይ ያለውን ቮልት ያዝ፤ ቁልፉ ስታርት ላይ ሲሆን ደግሞ በሚወጣው መስመር ላይ ለካ። ገቢው ሙሉ ሆኖ ወጪው ካነሰ ስዊቹ ነው።

ስትለካ ሞተሩ ሳይነሳ ኦን ላይ ረጅም ጊዜ አታቆየው። ፑንቲናው (የካንዴላውን መብራት የሚቆራርጠው ኮንታክት) ተዘግቶ ከቆመ ቦቢናው (ያንን መብራት የሚያበረታው ጥቅልል) ይግላል።

አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ ለሁላችሁ ልንገር። ሞተሩ ከተነሳና ቁልፉን ከለቀቃችሁ በኋላ ሞተሪኖው መዞሩን ካላቆመ፣ የመመለሻው ስፕሪንግ ተሰብሯል ወይ ኮንታክቱ ተጣብቋል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ካላቆመ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ያን ጊዜ ነገ እሠራዋለሁ አይባልም፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል፣ ገመዱም ይግላል።

ሞጆ_በር
እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ የሚያስረዳ ጠፍቷል። በዚሁ ልጠይቅ፤ የእኔ ቁልፉ ራሱ አይዞርም፣ መሪውም ደርቋል። ይህም ሲሊንደሩ ነው?

ቁልፍ_ቀራጩ
እሑድ፣ ከረፋዱ 4፡30

ለሞጆ በር እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ። መኪናዋ ጎማዋ ዞሮ ከቆመች መቆለፊያው ብረት በውጥረት ይያዛል። መሪውን ወደሚላወሰው አቅጣጫ በአንድ እጅ ያዝ አድርገህ ቁልፉን በሌላው ቀስ ብለህ አዙር። ብዙ ጊዜ ይለቃል። በፒንሳ ይዘህ እንዳታዞር፤ ቁልፍ ተሰብሮ ውስጥ የሚቀረው በዚህ ነው። ካልሆነ ብዙ ያልተጠቀምክበትን መለዋወጫ ቁልፍ ሞክር። በእሱ ከዞረ ያለቀው ቁልፍህ ነው፣ ሲሊንደሩ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ያለቀ ቁልፍ አምጥታችሁ «ቅዳልኝ» ስትሉን ማሽኑ የሚቀዳው ማለቁንም ጭምር ነው። አዲሱ ቁልፍ ያብረቀርቃል፣ ግን እንደ አሮጌው ያስቸግራል። ትክክለኛው መንገድ በኮድ ማስቀረጽ ነው። ኦሪጅናሉ የቶዮታ ቁልፍ ላይ ቁጥር ተመትቶበታል፤ በአንዳንዱ መኪና የበሩ ሲሊንደር ላይም ይገኛል። በዚያ ቁጥር የተቀረጸ ቁልፍ ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልክ ይይዛል። ስትመጡ ሊብሬያችሁን ያዙ። ሊብሬ ሳያይ የመኪና ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ለሌባውም ይቀርጻል።

ዘይቱንም ላንሳው። አዳማ ነፋሷ አቧራዋን ተሸክሞ የማይገባበት የለም። ሲሊንደር ውስጥ ዘይት ስታንጠባጥቡ ለጊዜው ይለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል፣ ቅጠሎቹም ተጣብቀው ይቀራሉ። የሚያስፈልገው ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው። ካጣችሁ የእርሳስ ጫፍ ፈቅፍቃችሁ ቁልፉን ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡ አውጡ።

ዲኤክስ_አዳማ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

ጋሼ፣ እንዳሉት ለካሁ። ባትሪው 12.5 ነው። የሞተሪኖዋ ቀጭን ሽቦ ላይ ስታርት ሲዞር 4 እና 5 ቮልት መሃል ይዋልላል፤ ቁልፉን ስነካካው 11 ይደርስና ያኔ ሞተሪኖው ይነሳል። ስዊቹ ጋ ገቢው 12.4፣ ወጪው እንደ ታችኛው። ስለዚህ የበላው ስዊቹ ነው ማለት ነው? ሽቦዎቹ ግን ቀለማቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ በሌላ ሽቦ ተቀጥሏል፣ በጨርቅ ፕላስተር ተጠቅልሏል።

ጋሽ_ቦኩ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50

ስዊቹ ነው፣ ጎበዝ። ኮንታክቱ ተቃጥሎ መብራቱን እያነቀው ነው። መካኒኩ ሊገጥምልህ የነበረው በተን ይህን የተቃጠለ ስዊች እዚያው ትቶት ነበር የሚሄደው፤ ሞተሩን የሚይዘው የኦን መስመርም በእሱ ውስጥ ያልፋል።

ሽቦ ላይ ቀለም አትመን። መኪናዋ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ስንት እጅ እንደነካት አይታወቅም። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ወረቀት ለጥፈህ የሚሠራውን ጻፍበት። የተቀጠለውን ሽቦ ፈትተህ በልኩ ወፍራም በሆነ የመኪና ሽቦ በደንብ ቀጥለው። የቤት መብራት ሽቦ መኪና ላይ አይሆንም፤ ድፍን መዳብ ስለሆነ በንዝረት ይሰበራል።

የወንጂ_ሾፌር
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ኦኑ በስዊቹ ካለፈ በተን አያድንም። እኔ ልጨምር የምፈልገው ሪሌ ነው፤ በጥቂት መብራት ተነስቶ ብዙ መብራት የሚያሳልፍ ስዊች ማለት ነው። የእኔ በተን ያልተቃጠለው በሪሌ ስለተገጠመ ነው። ቁልፉ ስታርት ላይ ሲሆን የሞተሪኖውን ማግኔት የሚያስነሳው መብራት በሙሉ በዚያች ትንሽ ኮንታክት ያልፋል፣ የሚበላትም እሱ ነው። አዲሱን ስዊች ስትገጥም 30 አምፔር የሚችል ሪሌ መሃል አስገባ። በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር አለ፤ ከቁልፉ የሚመጣው የስታርት ሽቦ 86 ላይ፣ 85 ቦዲ ላይ፣ 30 ከባትሪ በፊውዝ፣ 87 ወደ ሞተሪኖው ቀጭን ሽቦ። ከዚያ በኋላ ቁልፉ የሚሸከመው ሪሌውን የምታነሳውን ጥቂት መብራት ብቻ ይሆናል።

ሰብለ_መ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡45

ይህ ድንቅ ሐሳብ ነው። ፊውዙ ግን ባትሪው አጠገብ ይሁን እንጂ ሪሌው ጋ አይሁን። ሽቦው መሃል ላይ ቦዲ ቢነካ የሚያድነው ከባትሪው ዘንድ ያለ ፊውዝ ነው።

ዲኤክስ_አዳማ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

አዳማ ውስጥ ያገኘሁት ሙሉውን ነው፤ የብረት ቤቱ፣ ሲሊንደሩ፣ ስዊቹ፣ ከሁለት ቁልፍ ጋር፣ አዲስ። ስዊቹን ብቻ የሚሸጥ የለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የደወልኩለት ሰው ያገለገለ ስዊች አለኝ ብሏል። አዲሱን ሙሉ ልግዛ? ከገዛሁ የበሩ ቁልፍ ሌላ፣ የማስነሻው ሌላ ሊሆንብኝ ነው።

ጋሽ_ቦኩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ያገለገለ ስዊች አትግዛ። የሌላ ሰው የተቃጠለ ኮንታክት ነው የምትገዛው፤ ከውጭ አይታይም። ሙሉውን ግዛ፣ ግን ሙሉውን አትግጠም። ያንተ የብረት ቤት ደህና ከሆነ እዚያው ይቀመጥ። ስዊቹን ከአዲሱ ውሰድ፣ ሲሊንደሩንም ከአዲሱ ውሰድ። ከመክፈልህ በፊት የስዊቹ ሶኬት ካንተ ማያያዣ ጋር እግር በእግር መግጠሙን እዚያው ሱቁ ውስጥ አስተያይ፤ የቀድሞውን ፎቶ ይዘህ ሂድ።

የብረት ቤቱን ለምን አትንካው አልኩህ? ከመሪው ዘንግ ጋር የታሰረው ራሳቸው በሚቆረጥ ብሎኖች ነው። ፋብሪካው ሲያጠብቃቸው ራሳቸው ተቆርጦ ይወድቃል፣ ኪያቬ የሚይዘው ነገር አይቀርም። ለሌባ ተብሎ ነው። እነሱን ለማውጣት መሃላቸውን በሹል ብረት መትተህ፣ በትራፓኖ በስተህ፣ ወይም ዳር ዳራቸውን በመሮ ወደ ግራ እየመታህ ማላወስ አለብህ። ቁልፉ ጠፍቶ ወይም ሲሊንደሩ ጨርሶ አልዞር ብሎ ካልሆነ ማንም ያንን ሥራ በገዛ እጁ አይፈልግም። ያንተ ይዞራል፣ ተመስገን በል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ኪያቬ ንቀል። ወደ ስዊቹ የሚመጣው የባትሪ መስመር ቁልፉ ጠፍቶም መብራት አለው፤ ካቻቢቴህ ቦዲ ቢነካ ዳሽቦርድ ሥር እሳት ነው። ሽፋኑን አውርድ። ስዊቹ ከቤቱ ጀርባ በትንሽ ቪቴ ነው የተያዘው፤ ፈትተህ ቀጥ አድርገህ ሳበው። ሲሊንደሩን ለማውጣት ቁልፉን ኤሲሲ ላይ አቁም። በብረት ቤቱ ጎን ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ቀጭን ምስማር ወይም የተቃና ሽቦ አስገብተህ በውስጧ ያለችውን ፒን ጫን፣ እንደጫንክ ሲሊንደሩን ከነቁልፉ ወደ ራስህ ሳብ። አዲሱን በዚያው ኤሲሲ ላይ አድርገህ ስታስገባ ፒኑ ራሱ ቀጭ ብሎ ይይዛል። አዲሱን ስዊች ስትገጥም የሲሊንደሩ ምላስና የስዊቹ ጉድጓድ አንድ አቅጣጫ መያዛቸውን እይ። በግድ አትግፋ፤ ከተስተካከለ ያለ ኃይል ይገባል።

ቁልፍ_ቀራጩ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ስለ ሁለት ቁልፍ አትጨነቅ። አዲሱን ሲሊንደር ካንተ የበር ቁልፍ ጋር ማስማማት ይቻላል። ቅጠሎቹ የተለያየ ልክ አላቸው፤ በርህ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደረ አይተን አዲሱ ሲሊንደር ውስጥ ያሉትን በዚያው እንደረድራለን። የጎደለውን ልክ ከአሮጌው ሲሊንደር ያላለቀ ቅጠል ካለ እንወስዳለን። እቤት ልሞክር ካልክ ነጭ ጨርቅ ዘርግተህ ሥራ፤ ስፕሪንጎቹ ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፣ ከዘለሉ አይገኙም። ግን መጀመሪያ ቁልፍህን በኮድ አስቀርጸው። ባለቀ ቁልፍ ልክ አዲስ ሲሊንደር መደርደር ከንቱ ድካም ነው።

ዲኤክስ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡20

ጋሼ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከመኪናዋ ውስጥ ነው የምጽፈው። ስዊቹ ወጥቷል። ፒኗ ግን አልገባ አለች። ቀዳዳዋ ትታየኛለች፣ ምስማሩ ይነካታል፣ አትሰጥም።

ጋሽ_ቦኩ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡28

አትታገላት። ቁልፉ ልክ ኤሲሲ ላይ አልቆመም። በሲሊንደሩ ማለቅ ምክንያት ምልክቱና እውነተኛው ቦታ ተዛንፏል። ፒኗን በቀስታ ጫን ብለህ ይዘህ ቁልፉን በጥቂቱ፣ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ አላውስ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ራሷ ትሰምጣለች።

ዲኤክስ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡41

ወጣ! ከሎክ በኩል ሳይሆን ከኦን በኩል ትንሽ መለስ ሳደርገው ሰመጠች። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጋሼ።

ሰብለ_መ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡00

እንኳን ደስ አለህ። ሽፋኑን ከመግጠምህና ወደ መንገድ ከመውጣትህ በፊት በቆመችበት ፈትናት። ቁልፉን አውጥተህ መሪውን አዙር፤ መቆለፍ አለበት። አስገብተህ ኤሲሲ ስታደርገው ሙሉ በሙሉ መልቀቅ አለበት፤ ከጥግ እስከ ጥግ አዙረህ የሚነካካ ነገር እንደሌለ ስማ። ኤሲሲና ኦን ላይ ቁልፉን ለማውጣት ሞክር፣ እንቢ ማለት አለበት። ከስታርት ስትለቀው ሳትነካው ወደ ኦን መመለስ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ መኪናዋን አትንዳት። መሪ የሚቆልፍ ዕቃ ላይ «ለጊዜው ይሁን» አይባልም።

ዲኤክስ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡15

እንዳልሽው አንድ በአንድ ፈተንኳት እህቴ፣ ሁሉም ልክ ነው። ስታርት ላይ የሞተሪኖዋ ቀጭን ሽቦ አሁን 11.6 ይደርሳል። ሪሌውንም አስገብቻለሁ፣ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ነው። ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ በኮብልስቶኑ ነዳኋት፣ አንዴም አልተቆራረጠችም።

አሮጌውን ስዊች ከፍቼ አየሁት። የስታርቱ ኮንታክት ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተበልቷል። የኦኑ ኮንታክት ደግሞ የያዘው ፕላስቲክ ከሙቀት ቀልጦ ስለለሰለሰ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ሲንገጫገጭ የሚጠፋው ለዚህ ነበር። ፎቶውን ከታች አያይዣለሁ፣ በተን ሊያስገጥም ያሰበ ሁሉ ይየው። ቁልፉን በኮድ አስቀርጬዋለሁ፤ አሁን አንድ ቁልፍ በሩንም ማስነሻውንም ይከፍታል።

ባለ_ላዳ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይህን ክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። የእኔ ላዳ 2107 ናት፣ ማስነሻዋ በግራ በኩል ነው። አሠራሩ አንድ ነው?

ጋሽ_ቦኩ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቦታው ይለያል። ላዳ ላይ ቁልፉን ዜሮ ላይ አቁም፤ መሪው የሚለቀው እዚያ ነው። ቁልፉ የሚወጣውና መሪው የሚቆለፈው ግን 3 ላይ ነው፣ ስለዚህ 3 ላይ ሆኖ ለማውጣት አትታገል። ከሥር ያሉትን ሁለት ቪቴዎች ፍታ፣ በጎን ባለው ቀዳዳ በቀጭን ብረት መያዣዋን ጫንና ሙሉውን ሳበው። ሽቦዎቹ በየግላቸው ነው የሚነቀሉት፣ በየእግሩ ላይ ቁጥር አለ፤ 30 ከባትሪ የሚመጣው ነው፣ 15 የኦኑ፣ 50 የሞተሪኖው። ቁጥሩን በየሽቦው ላይ ሳትጽፍ አንዱንም አትንቀል። ኔጌቲቩን መጀመሪያ።

ቪትዝ_ነጭ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡25

እኔስ? የመጀመሪያው ሞዴል ቪትዝ ነው ያለኝ፣ ቁልፉ ወፍራም ጥቁር ራስ አለው። ሲሊንደሩ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ጋሽ ቦኩ ባሉት መንገድ ልሥራው?

ቁልፍ_ቀራጩ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ሁለት ነገር ይጨመርብሃል። አንደኛ፣ ኤርባግ አለው። ኔጌቲቩን ከነቀልክ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳትጠብቅ መሪው አካባቢ እጅህን አታስገባ፤ በውስጡ የተጠራቀመው መብራት እስኪወጣ ነው። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባጉ ነው፣ አትንካው፣ በቴስተርም አትለካው።

ሁለተኛ፣ የቁልፉ ራስ ውስጥ ቺፕ ሊኖር ይችላል። ቺፕ ካለው ሲሊንደሩ አፍ ዙሪያ የምታነበው ቀለበት አለች፤ ሲሊንደሩን ስታወጣ ሽቦዋን እንዳትበጥስ ቀስ ብለህ ከነሶኬቷ አንሳት። ከአዲሱ ሲሊንደር ጋር የሚመጣው ቁልፍ መኪናህ የምታውቀው ቺፕ የለውም። ሲሊንደሩን ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይሠራም፤ ያኔ ስዊቹ ተበላሸ ብለህ ሌላ ዕቃ እንዳትገዛ። መፍትሔው ከአሮጌው ቁልፍህ ቺፑን አውጥቶ ወደ አዲሱ ራስ ማዛወር ነው፣ ወይም እንደ ዲኤክሱ ቅጠሎቹን ባለህ ቁልፍ ልክ መደርደር። አሮጌውን ቁልፍ እስከዚያ እንዳትጥል፣ ሊብሬህንም ይዘህ ና።

ቪትዝ_ነጭ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

ቀለበቷን አየኋት፣ አለች። ሰኞ ከሊብሬ ጋር እመጣለሁ።